ከጠፋ ከየት ይመጣል? ስለ ጊዜያዊ ፋይሎች

(የመግቢያ ሙዚቃ ለጥቂት ሰከንድ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

አቅራቢ፦ በማንኩሽ ከተማና በጉባ ወረዳ ቀበሌዎች፣ በግልገል በለስ፣ በአሶሳ፣ ድምፃችን በሚደርስበት ሁሉ ያላችሁ አድማጮቻችን፣ ይህ ሳምንታዊው ዝግጅታችን ነው።

ዛሬ በጥያቄ ልጀምር። ስልካችሁ «ማከማቻው ሞልቷል» ብሎ ሲያስጠነቅቃችሁ መጀመሪያ የምታጠፉት ምንድን ነው?

(አጭር ዝምታ)

ብዙዎቻችን ጋለሪ እንከፍታለን። ፎቶ እናጠፋለን። የጥምቀት ፎቶ፣ የዒድ ፎቶ፣ የእህት ሠርግ ቪዲዮ። አንዳንዴ ደግሞ በሕይወት የሌሉ አባት ድምፃቸው ያለበትን አጭር ቅጂ። ጣታችንን እያንቀጠቀጠን እናጠፋለን፤ ስልኩ መሥራት አለበታ!

እዚያው ስልክ ውስጥ ግን ማንም ሰው ፈልጎ ያላስቀመጣቸው፣ ፕሮግራሞች ለራሳቸው ሥራ ያከማቿቸው ፋይሎች በርካታ ጊጋ ባይት ይዘው ተቀምጠዋል። የማይተካው ጠፍቶ የሚተካው ይቀራል። የዛሬውን ዝግጅት ያዘጋጀሁት ይህ እንዳይሆን ነው። ስለ ጊዜያዊ ፋይሎች እንነጋገራለን፤ ማን ይፈጥራቸዋል? ማን ያጠፋቸዋል? ሳይጠፉ ሲቀሩስ ምን እናድርግ?

(ሙዚቃ — አጭር)

አቅራቢ፦ ጊዜያዊ ፋይል ምን እንደሆነ ለጉባ ሰው ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም። ግንቦት 20 ቀን 2005 ዓ.ም. እዚሁ ጉባ ላይ ዓባይ ከተፈጥሮ መሄጃው ተቀልብሶ በሌላ ቦይ እንዲፈስ ተደርጎ ነበር። ለምን? ዋናው ግድብ የሚያርፍበት መሬት ከውኃው ነጻ ወጥቶ ሥራ እንዲካሄድበት። ግባችን ቦዩ አልነበረም፤ ግባችን ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ ነው። ሆኖም ያለዚያ መቀልበሻ ግድቡ አይሠራም ነበር። ጊዜያዊ ፋይልም እንዲሁ ነው። ዋናው ሥራ እስኪጠናቀቅ ያስፈልጋል፤ ሥራው ሲያልቅ የሚያስፈልግበት ምክንያት ያልቃል።

እስቲ በአንድ ማመልከቻ እንየው። ወረዳ የሚገባ ማመልከቻ በኮምፒውተር እየተጻፈ ነው እንበል። ወርድ የተባለው ፕሮግራም ሰነዱን ገና ሲከፍት፣ ከሰነዱ አጠገብ ትንሽ የተደበቀ ፋይል ይፈጥራል። ስሙ በተጠማዘዘች ሰረዝና በዶላር ምልክት ይጀምራል። ውስጡ ያለው ሰነዱን የከፈተው ሰው ስም ነው። ሌላ ሰው ያንኑ ሰነድ ልክፈት ሲል ወርድ ያቺን ትንሽ ፋይል አይቶ «እገሌ ከፍቶታል» ይለዋል። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ አንድ ሰነድ ላይ እንዳይጽፍ መጠበቂያ ናት።

ጽሑፉ ሲገፋ ደግሞ ወርድ በየተወሰነ ጊዜ፣ ካልተቀየረ በስተቀር በየ10 ደቂቃው፣ ማገገሚያ ቅጂ ለብቻው ያስቀምጣል። «አስቀምጥ» ስትሉትም በቀጥታ በድሮው ፋይል ላይ አይጽፍም። አዲሱን በጊዜያዊ ስም ጽፎ ይጨርሳል፤ ተጽፎ ማለቁን ካረጋገጠ በኋላ የድሮውን ስም ይሰጠዋል። መሐል ላይ ችግር ቢፈጠር ቢያንስ የድሮው ይተርፋል።

አሁን መብራት ሄደ እንበል።

(የማጥፊያ ድምፅ — ቅጭ! — ከዚያ ዝምታ)

አቅራቢ፦ ኮምፒውተሩ ጠፋ። ራም በሚባለው የሥራ ማስታወሻው ላይ የነበረው ሁሉ አብሮ ጠፍቷል፤ ራም ኤሌክትሪክ ከሌለው ምንም አይዝም። መብራት ተመልሶ ወርድ ሲከፈት ግን በጎን በኩል «የተረፈ ሰነድ አለ» የሚል ዝርዝር ይመጣል። ያተረፈው ማነው? ያ ማገገሚያ ቅጂ ነው። ስለዚህ ጊዜያዊ ፋይል ሁሉ ቆሻሻ አይደለም። ደግሜ ልበለው፤ ጊዜያዊ ፋይል ሁሉ ቆሻሻ አይደለም። ሥራችሁ በድንገት ከተቋረጠ የተረፈውን ሰነድ ሳታወጡና በስሙ ሳታስቀምጡ ጽዳት አትጀምሩ።

ያቺ በዶላር ምልክት የምትጀምረው ትንሽ ፋይልስ? ወርድ በደንብ ሲዘጋ ራሱ ነበር የሚያጠፋት። መብራት ድንገት ሲሄድ ግን የማጥፊያ ጊዜ አላገኘም። ስለዚህ ትቀራለች። ኮምፒውተሩን አስነሥታችሁ ማመልከቻውን ስትከፍቱ «ሰነዱ በሌላ ሰው ተይዟል» ሊላችሁ ይችላል፤ ያ «ሌላ ሰው» እናንተው ናችሁ። ወርድን ዝጉት፣ ሌላ ማንም አለመክፈቱን አረጋግጡ፣ ያቺን ትንሽ ፋይል አጥፏት፤ ሰነዱ ይከፈታል።

(ሙዚቃ — አጭር)

አቅራቢ፦ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ። እነዚህን ፋይሎች የማጥፋት ኃላፊነት የማነው?

መጀመሪያ የፈጠረው ፕሮግራም ነው። ሥራውን ሲጨርስ የራሱን ማንሣት አለበት። ጥሩ ፕሮግራመር ይህን አይረሳም፤ እንዲያውም ለዊንዶውስ «ይህን ፋይል ስዘጋው ወዲያው ይጥፋ» ብሎ ገና ከመነሻው ማስታወቅ ይችላል። ነገር ግን ፕሮግራሞች ይበላሻሉ፣ መሐል ላይ ይቆማሉ፣ አንዳንዶቹም ከመጀመሪያው በግዴለሽነት የተሠሩ ናቸው።

በዚህ ረገድ እውነተኛ ታሪክ ልንገራችሁ። ኤስኪውላይት የሚባል፣ በሌሎች ፕሮግራሞች ሆድ ውስጥ ገብቶ መረጃ የሚያደራጅ፣ ዛሬ በእያንዳንዳችን ስልክ ውስጥ ያለ ነጻ ሶፍትዌር አለ። ማካፊ የተባለው የፀረ ቫይረስ ድርጅት ይህን ሶፍትዌር በራሱ ምርት ውስጥ ተጠቀመበት፤ በሰዎች ኮምፒውተር ላይም በኤስኪውላይት ስም የሚጀምሩ ጊዜያዊ ፋይሎች ይታዩ ጀመር። ባለቤቶቹ ተናደዱ። ስሙን ኢንተርኔት ላይ ፈለጉ፤ የሠሪዎቹን ስልክ ቁጥር አገኙ፤ ሌሊት እየደወሉ ከእንቅልፍ ይቀሰቅሷቸው ያዙ። ሠሪዎቹ ምን አደረጉ? እ.ኤ.አ. በ2006 የጊዜያዊ ፋይሎቹን ስም መነሻ ፊደል በፊደል ከኋላ ወደ ፊት ገለበጡት። ለባለሙያ ይታወቃል፤ ተራው ተጠቃሚ ግን ሠሪዎቹን ፈልጎ አያገኛቸውም። ይህን ያደረጉበትን ምክንያት ራሳቸው በፕሮግራሙ ጽሑፍ ውስጥ አስፍረውታል፤ ዛሬም ይነበባል። አንድ ፕሮግራም የሚተወው ትራፊ የማን እንደሆነ ማወቅ ለባለቤቱ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ከዚህ ታሪክ እንረዳለን።

ፕሮግራሙ ካላጠፋስ? ቀጣዩ ተረኛ የኮምፒውተሩ ስርዓተ ክወና ነው። እዚህ ላይ ስርዓቶቹ ይለያያሉ። አሶሳ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ሌላ ቦታ ሊኑክስ የምትጠቀሙ ተማሪዎች ካላችሁ፣ በብዙዎቹ ሊኑክሶች ጊዜያዊው ፎልደር ኮምፒውተሩ ዳግም ሲነሣ ይጸዳል፤ ወይም ለ10 ቀን ያህል ማንም ያልነካው ፋይል ይወገዳል። ስለዚህ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን እዚያ አታስቀምጡ!

ዊንዶውስ ግን ኮምፒውተሩ ሲዘጋ ጊዜያዊ ፎልደሩን አያጸዳም። ብዙ ሰው «አጥፍቼ ሳበራው ይጸዳል» ብሎ ያምናል፤ አይጸዳም። ስቶሬጅ ሴንስ የሚባል ራሱ እየተከታተለ የሚያጸዳ አገልግሎት አለው፤ በቅንብሮች ውስጥ፣ ስቶሬጅ በሚለው ስር ታገኙታላችሁ።

በእጃችሁ ማጽዳት ከፈለጋችሁ እንዲህ አድርጉ። ክፍት ፕሮግራሞችን ዝጉ። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዛችሁ የአር ፊደልን ተጫኑ። በምትከፈተው ትንሽ ሳጥን ውስጥ የፐርሰንት ምልክት፣ ቴምፕ የሚለውን ቃል፣ እንደገና የፐርሰንት ምልክት ጻፉና ግቡ። የሚከፈተው ጊዜያዊ ፎልደራችሁ ነው። ውስጡ ያለውን መርጣችሁ አጥፉ። አንዳንዱ «ሥራ ላይ ነው፣ አይጠፋም» ይላል። አትታገሉት። «እለፈው» በሉት። ያንን የያዘ ፕሮግራም አሁንም እየሠራ ነው ማለት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፤ በዊንዶውስ ቅንብሮች በኩል ስታጸዱ የሚመጣው ዝርዝር ውስጥ ዳውንሎድስ የሚል መስመርም አለ። ዳውንሎድስ ጊዜያዊ አይደለም፤ እናንተ ያወረዳችሁት የራሳችሁ ንብረት ነው። ምልክት ከማድረጋችሁ በፊት ዝርዝሩን አንድ በአንድ አንብቡ።

(ሙዚቃ — ትንሽ ረዘም ብሎ)

አቅራቢ፦ አሁን ወደ ስልካችን እንመለስ። እዚህ ላይ ቀስ እንበል፤ ብዙዎቻችን ያለን ኮምፒውተር ሳይሆን ስልክ ነውና።

አንድሮይድ ስልክ ውስጥ እያንዳንዱ መተግበሪያ ሁለት ዓይነት ማስቀመጫ አለው። አንዱ መሸጎጫ ነው፤ ብዙዎቻችን ካሽ የምንለው። ሁለተኛው ዋናው ማከማቻ፣ ዳታ የሚባለው ነው። መሸጎጫ ውስጥ የሚቀመጠው መተግበሪያው ሥራውን ለማፋጠን ያስቀረው ነገር ነው፤ ያያችሁት ቪዲዮ፣ ያለፋችሁበት ምስል። ዋናው ማከማቻ ውስጥ ያለው ደግሞ የእናንተ መግቢያ፣ ምርጫችሁ፣ ረቂቃችሁ ነው።

ወደ ቅንብሮች ገብታችሁ፣ መተግበሪያዎች የሚለውን ከፍታችሁ፣ አንዱን መተግበሪያ ነክታችሁ ማከማቻ የሚለውን ስትከፍቱ ሁለት ቁልፎች ታያላችሁ። «መሸጎጫ አጽዳ» እና «ማከማቻ አጽዳ»። በእንግሊዝኛ ለምትጠቀሙ «ክሊር ካሽ» እና «ክሊር ዳታ»። ጎን ለጎን ናቸው፤ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። መሸጎጫ ብታጸዱ መተግበሪያው እንደ ነበረ ይከፈታል። ማከማቻ ብታጸዱ ግን አሁን ገና እንደተጫነ ይሆናል። ቲክቶክ ላይ ሠርታችሁ ያልለቀቃችኋቸው ረቂቅ ቪዲዮዎች ይጠፋሉ፤ ያሉት ስልኩ ላይ ብቻ ነበርና። ቴሌብር ደግሞ እንደገና ግቡ ይላችኋል፤ ገንዘባችሁ ግን ስልኩ ላይ ስላልሆነ አይነካም።

ስለዚህ የቱን ላጥፋ፣ የቱን ልተው ስትሉ አንድ ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ይህ ከጠፋ ከየት ይመጣል?

(አጭር ዝምታ)

ከየት ይመጣል? ከሌላ ቦታ ተመልሶ መምጣት ከቻለ ማጥፋት ትችላላችሁ። ያለው እዚህ ብቻ ከሆነ አትንኩት።

ቴሌግራምን እንውሰድ። ብዙ ስልክ የሚሞላው እሱ ነው። ከቻናሎች የምታዩት ቪዲዮና ምስል ሁሉ ስልካችሁ ላይ ቅጂ ይተዋል። ዋናው ግን ቴሌግራም ዘንድ አለ። በቴሌግራም ቅንብር ውስጥ ዳታና ስቶሬጅ፣ ከዚያ ስቶሬጅ ዩሴጅ የሚለውን ስትከፍቱ ምን ያህል እንደያዘ ያሳያችኋል፤ ብዙዎቻችሁ ትደነግጣላችሁ። እዚያው ላይ የቻናሎች ቅጂ ከሳምንት በኋላ ራሱ እንዲጠፋ፣ የግል ንግግሮች ግን እንዲቆዩ አድርጋችሁ ማስተካከል ትችላላችሁ። ቅጂው ቢጠፋ ከየት ይመጣል? ከቴሌግራም። ላኪው መልእክቱን ከመሠረቱ ካጠፋው ግን አይመጣም፤ ስለዚህ የምትሳሱለትን ፎቶ ጋለሪ ውስጥ አስቀምጡት።

ዋትሳፕ ይለያል። ዋትሳፕ የላኩላችሁን ፎቶ አድርሶ ሲጨርስ ራሱ ዘንድ በቋሚነት አያስቀምጠውም። ከስልካችሁ ካጠፋችሁት ከየት ይመጣል? መጠባበቂያ ቅጂ ካልያዛችሁ ወይም የላከው ሰው እንደገና ካልላከላችሁ ከየትም አይመጣም። ቴሌግራም ላይ ለምዳችሁ ዋትሳፕ ላይ እንዳትደግሙት አደራ!

«ታዲያ መሸጎጫውን በየቀኑ ላጽዳ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። አታጽዱ። መሸጎጫ የተፈጠረው አንዴ የወረደው ደግሞ እንዳይወርድ ነው። ባጸዳችሁት ቁጥር መተግበሪያው ያንኑ እንደገና ያወርዳል፤ ከፓኬጃችሁ ይቆረጣል፤ ኔትወርክ በደከመበት ሰዓትም ያስጠብቃችኋል። ስልኩ ሲሞላ ብቻ አጽዱ። ቦታ ሲጠብ አንድሮይድ ራሱም የመተግበሪያዎችን መሸጎጫ እያነሣ ቦታ ያስለቅቃል። «ስልክ አጽጂ» እየተባሉ በማስታወቂያ የሚመጡ መተግበሪያዎችን ደግሞ እኔ አልመክርም። ስልኩ ራሱ ሊያደርገው የሚችለውን ያደርጉና ማስታወቂያቸውን ይጭኑባችኋል።

(ሙዚቃ ይወርዳል፤ የማተሚያ ማሽን ድምፅ ይገባል)

አቅራቢ፦ አሁን አጭር ጭውውት እናሰማችሁ። ቦታው አንድ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነው።

እናት፦ እንደምን ዋልክ፣ ልጄ?

ጸሐፊ፦ ደህና እማማ። እንደምን ዋሉ? እዚህ ይቀመጡ።

እናት፦ ይቺን የፋይዳ መታወቂያዬን አትምልኝ። ልጄ ከአሶሳ በቴሌግራም ልኮልኛል።

ጸሐፊ፦ እሺ፣ ስልክዎን ይስጡኝና ወደ እኔ ልላከው። (ማተሚያው ይሠራል) ይኸው፣ አለቀ።

እናት፦ እግዜር ይስጥህ። ወረቀቱን ይዤ እሄዳለሁ። እዚያ ማሽን ውስጥ የቀረው መታወቂያዬስ?

ጸሐፊ፦ ዘጋሁት እኮ፣ እማማ።

እናት፦ መዝጋትና ማጥፋት አንድ ነው እንዴ?

(የማሽኑ ድምፅ ይጠፋል)

አቅራቢ፦ አድማጮቻችን፣ የእኚህን እናት ጥያቄ እናንተ መልሱልኝ። መዝጋትና ማጥፋት አንድ ነው?

አይደለም። ፋይሉ ተዘጋ እንጂ አልጠፋም። የት የት ቀረ? አንደኛ፣ ጸሐፊው ቴሌግራም ላይ፣ መልእክቱ ውስጥ። ሁለተኛ፣ ዳውንሎድስ ውስጥ ቴሌግራም ዴስክቶፕ የሚባል ፎልደር አለ፤ በኮምፒውተር ቴሌግራም የወረደ ሰነድ እዚያ ይቀመጣል፤ ሰው ካላጠፋው ለዓመታትም ይኖራል። ሲታተምም ጊዜያዊ ቅጂ ይፈጠራል፤ ያንን እንኳ ዊንዶውስ ታትሞ ሲያልቅ ያነሣዋል። ጸሐፊው ከፎልደሩ ቢያጠፋውስ? ወደ ሪሳይክል ቢን ይሄዳል፤ እሱም እስኪጸዳ እዚያ ነው።

የጽሕፈት ቤት ባለቤቶች፣ ሙያችሁን አከብራለሁ፤ የአገሩ ሰው ጉዳይ በእጃችሁ ያልፋል። የብዙ ቤተሰብ መታወቂያ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የባንክ ደብተር ገጽ ኮምፒውተራችሁ ላይ ተከማችቷል። አገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ አላት፤ አዋጅ ቁጥር 1321/2016። የሰውን መረጃ ለተፈለገበት ጉዳይ ብቻ መያዝ ተገቢ መሆኑን ሕጉም ይናገራል። እናም ደንበኛው ገና ፊታችሁ እያለ ፋይሉን መርጣችሁ ሺፍትን ይዛችሁ ዲሊትን ተጫኑ፤ በሪሳይክል ቢን አያልፍም። ከቴሌግራሙም መልእክቱን አጥፉ። ደንበኞችም ጠይቁ። «ልጄ፣ አጥፋልኝ» ማለት ነውር አይደለም።

በጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ኢንተርኔት የምትከፍቱ ደግሞ ኢንኮግኒቶ የሚባለውን መስኮት ተጠቀሙ። መስኮቶቹ ሁሉ ሲዘጉ የጎበኛችኋቸው ገጾችና መግቢያችሁ ይጠፋሉ። ያወረዳችሁት ፋይል ግን አይጠፋም። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም፤ ኢንኮግኒቶ ያወረዳችሁትን ፋይል አያጠፋም።

(ሙዚቃ — አጭር)

አቅራቢ፦ ከመለያየታችን በፊት አንድ ነገር ይቀረኛል። ፋይል ጠፋ ስንል በእርግጥ ጠፋ ማለት ነው?

ኮምፒውተሩ ፋይል ሲያጠፋ በአብዛኛው የሚሰርዘው ስሙንና አድራሻውን ነው፤ ቦታውንም «ነጻ ነው» ብሎ ይመዘግበዋል። ይዘቱ ግን ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ሊቆይ ይችላል። በተለይ በፍላሽ፣ በካሜራና በስልክ ሚሞሪ ካርድ፣ በድሮው ዓይነት ሐርድ ዲስክ ላይ እንዲህ ነው። ይህ ሁለት ነገር ያስተምረናል።

በስሕተት የምትወዱትን ፎቶ ከሚሞሪ ካርድ ላይ ካጠፋችሁ ወዲያው አቁሙ። አዲስ ፎቶ አታንሡ፤ አዲስ ዘፈን አትጫኑ። ካርዱን አውጥታችሁ ለባለሙያ ውሰዱት፤ ሌላ ካልተጻፈበት የመመለስ ዕድል አለው። ከስልኩ ጋለሪ ያጠፋችሁት ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የጋለሪውን ትራሽ ክፈቱ፤ ብዙ ስልኮች የጠፋውን ለ30 ቀን ያህል እዚያ ያቆያሉ። በዚያ ጊዜ ቦታም እንደያዘ ነው፤ ፎቶ አጥፍታችሁ ስልኩ ያልቀለለው ለዚህ ነው።

ስልክ ስትሸጡ ደግሞ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ማጥፋት አይበቃም። የምትፈልጉትን ሌላ ቦታ ገልብጡ፤ ከጎግል መለያችሁ ውጡ፤ ከዚያ ፋክተሪ ሪሴት አድርጉት። የቅርብ ዓመታት ስልኮች ማከማቻቸው የተመሰጠረ ስለሆነ ሪሴት ሲደረጉ መፍቻው ይጠፋል፤ የቀረ ነገር ቢኖር እንኳ አይነበብም። ሚሞሪ ካርዱ ግን ብዙ ጊዜ ከዚህ ውጭ ነው። ካርዱን አውጡና እናንተ ዘንድ አስቀሩት።

በሚቀጥለው ሳምንት ፎቶና ሰነድ ያለ ብዙ ወጪ በሁለት ቦታ ስለማስቀመጥ ይዘን እንቀርባለን። እስከዚያው ጥያቄያችሁን ላኩልን። ደህና ሰንብቱ!

(የመዝጊያ ሙዚቃ ከፍ ይላል)